መስመር የሌለው ነጭ

መስከረም 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የያዝኩት የቀለም አደባለቅ ልጽፍበት ነው። ሌላ ነገር ከገባበት እኔ የለሁበትም።

ዛሬ የወረዳው ካድሬ ጓድ ከፋለ አስጠራኝ። ካድሬ ሲያስጠራ ሰው ምን ምን እንደሚያስብ የታወቀ ነው። ባለቤቴ ዓለምእሸት ኮቴን አቀብላኝ በላዩ ጋቢም ደረበችልኝ። ለካስ ነገሩ ሥዕል ኖሯል። ጓድ ከፋለ ሶቪየት አገር ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ከዚያ ያመጣው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ቢሮው ውስጥ ተሰቅሏል፤ ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፣ እሱ ግን አንዱን ወር ብቻ ገልጦ ትቶታል። በዚያ ወር ላይ ያለው ሥዕል የክረምታቸው ነው። መሬቱ ነጭ፣ ጣሪያው ነጭ፣ ቅጠሏን ያራገፈች አንዲት ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም።

«ይህንን በትልቅ ሸራ ትሠራልኛለህ» አለኝ። «በኅዳር መጨረሻ ከዚያው አገር እንግዶች ይመጣሉ። አዳራሹ ውስጥ ይሰቀላል።»

«ጓድ፣ እኔ የምሥለው ቅዱሳንን ነው እኮ። ለቱሪስትም ስሠራ ያው ቅዱሳንን ነው።»

«ቅዱሳኑ ትንሽ ይረፉ» አለና ሳቀ።

ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን እሱ ነው። እምቢ የሚባል ሰው አይደለም። እውነቱን ለመናገር እምቢ ማለትም አላማረኝም። ቱሪስት ከጠፋ ከርሟል። ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነፈረሱ ስሠራ ዓመት አልፎ ዓመት መጣ፤ ፈረሱም ሳይሰለቸው አይቀርም።

መስከረም 13

ነጭ፦ ነጋዴው አብዱልሀሚድ ከጋሸና ያመጣልኝ የግድግዳ ቅብ። ወፍራም ነው። በላምባ ይቀጥናል፣ ግን ቤቱን ያገማዋል።

አልሆነልኝም። አባቴ ሥዕል ሲያስተምሩኝ መጀመሪያ ጥቁር መስመር ነበር። መስመር የሌለው ነገር አልተፈጠረም ይሉ ነበር። ይህ በረዶ ግን መስመር የለውም። ሰማዩ የት አልቆ መሬቱ የት እንደጀመረ አይታወቅም። መስመር ሳገባበት ጣሪያ ላይ አንሶላ የተሰጣ መሰለ። መስመሩን ሳጠፋው ደግሞ ባዶ ጨርቅ ሆነ።

ዓለምእሸት ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየች። «ምነው ዘውገ፣ ዱቄት ደፋህበት?»

«በረዶ ነው።»

«ይእ! ታዲያ ወንፊት ላምጣልህ?»

ስቃ ስቃ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ሳቅሁ። ሸራውን ግን በግድግዳው በኩል አዞርኩት።

መስከረም 17፣ መስቀል

አማቼ አቶ ደሞዝ ወርደው ዋሉልን። ቤታቸው ከከተማው በላይ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ነው። የዘንድሮ ገብስ ሰው ይደብቃል አሉ። እንዲህ ያለ ገብስ ካዩ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ በጣታቸው ሊቆጥሩ ጀመሩና ተዉት። ከዓለምእሸት ጋር ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ሲደሰቱ አላየሁም።

ሸራውን ከግድግዳው አዙረው አዩት። «ይሄ አገር ምን ይበላል?» አሉኝ።

«እንጃ አባባ። ክረምት በገባ ቁጥር እንዲህ ነው ይላሉ።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ።»

«ታዲያ የዘሩት የት ይገባል?» ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጠላው ሞቅ አድርጓቸው ነበርና «አባትህ ነፍሳቸውን ይማረውና በረዶ ይመልሱ ነበር። አንተ ደግሞ ትጠራው ጀመር እንዴ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጎረቤታችን እትየ ብርቄ ጠላዋ እስኪፈስ ሳቀች።

እውነት ነው፣ መሪጌታ አባቴ ይህ ስም ነበራቸው። ደመና ሲጠቁር ኮረብታ ላይ ወጥተው ይደግማሉ፤ በረዶው ወደ ገደል ዞሮ ይወርዳል ይባላል። ገበሬው በመኸር አንድ አንድ ቁና ገብስ ያመጣላቸው ነበር። እኔ ድግምቱን አላወቅሁትም። የወረስኩት ብሩሻቸውን ብቻ ነው።

መስከረም 26

ጓድ ከፋለ መጥቶ አየ። «ብርድ የለበትም» አለ። «ይኸ ኖራ ነው። ስታየው ጥርስህን ሊያምህ ይገባል።» ይሂዱና ራስዎ ይሣሉት ማለት አምሮኝ ነበር። «እሺ ጓድ» አልኩ።

ጥቅምት 4

ከቀትር በኋላ ጨለመ። ከተማው ላይ ዝናብ ብቻ ነው የጣለው። ወደ ላይ ስናይ ግን ተራራው ነጭ ሆኗል። ዓለምእሸት ደጅ ቆማ አልገባም አለች። «አባቴ» ትላለች፣ «አባቴ፣ አባቴ።» ሊነጋጋ ሲል እንወጣለን።

ጥቅምት 5

ገና ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣነው። ብርዱ ስለጠናበት በረዶው ሳይቀልጥ አድሯል። የአማቼ ማሳ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ልትወጣ ነበር።

ገብሱ የለም። ተኝቷል፣ በላዩ ላይ ነጭ ነገር ተጭኖበታል። እማማ አዛለች፣ የዓለምእሸት እናት፣ ጎንበስ ብለው ዛላ በዛላ በእጃቸው ያወጣሉ። ዛላው ባዶ ነው፣ ፍሬው ከመሬት ገብቷል። አቶ ደሞዝ ከማሳው መካከል ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመው ነበር። ትከሻቸው ይነቃነቃል። ድምፅ የላቸውም።

እዚህ ላይ ሳልረሳው ልጻፈው። የበረዶ ጥላ ሰማያዊ ነው። ጥቁር አይደለም፣ አመድማም አይደለም፣ ሰማያዊ ነው! ፀሐይ ስትወጣ ብርሃን የነካው ወገን እንደ እንቁላል አስኳል ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆነ። ያልነካው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። መስመር የለውም ስል የነበረው ይኸው መስመሩ። ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ነው። የቀን መቁጠሪያው ወረቀት ይህን አያሳይም። የአቶ ደሞዝ ጥላ ከእግራቸው እስከ እርከኑ ድንጋይ ድረስ ተዘርግቶ ነበር፤ ረጅም፣ ሰማያዊ። ልቤ ይመታ ነበር፣ ዳገቱ ነው።

ከኪሴ ወረቀትና እርሳስ ነበረኝ። ሁለት ሦስት መስመር ጣልኩ። እሳቸው ሊራመዱ ሲሉ «አባባ፣ እንደቆሙ ይቆዩልኝ፣ አይንቀሳቀሱ» አልኩ። ቆሙልኝ።

ከዚያ ዓለምእሸት አየችኝ። ሄዳ ከእናቷ ጎን ዛላ ትለቅም ጀመር።

ልመለስ ስል «እኔ እዚሁ እቀራለሁ» አለች። ልክ ናት። ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ የተረፈውን መልቀም አለ።

ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ

ገበያ ወጣሁ። ሰው ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ይመልሳል። በርበሬ የምትሸጥ ሴት ለጓደኛዋ «የመሪጌታው ልጅ ነው፣ መሬቱን ነጭ አድርጎ ሣለው፣ ወረደ» ስትል ሰማኋት። ቀስ ብላም አይደለም።

እትየ ብርቄን «አንቺ ነሽ ያወራሽው?» አልኳት።

«እኔ ምን አወራሁ? አማትህ ያሉትን ነው የደገምኩት! በረዶ ጠራ አላሉም? አላሉም እንዴ?»

«ቀልድ ነበር እኮ!»

«እንግዲህ እኔ ቀልዱን ከነገሩ የምለይበት ምን ትምህርት አለኝ?»

ከዚች ጋር ማን ይከራከራል።

ጥቅምት 11

ሰማያዊ፦ ሴቶች ነጭ ልብስ የሚያለቀልቁበት ዱቄት። በጥፍር ጫፍ ይበቃል። ከነጩ ጋር ሳይሆን ነጩ ሳይደርቅ በላዩ፣ በጨርቅ እየታሸ። ብርሃኑ በእንቁላል አስኳል።

ሆነ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። የቀን መቁጠሪያው ቤት አለ፣ ዛፏ አለች፤ ዳገቱና እርከኑ ግን የኛ ነው፣ ሌላ ዳገት አላውቅም። ከግራ በኩል አንድ ሰው አቆምኩ። ጀርባ ሥዬ አላውቅም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጀርባውን የሚሰጥ የለም፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ኃጥእ በአንድ ዓይኑ በጎን ይሣላል። ይህ ሰው ግን ጻድቅም ኃጥእም አይደለም፣ ቆሟል። ጋቢው ከትከሻው ላይ ያለውን እጥፋት ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀሁበት።

ጓድ ከፋለ መጣ። ካየው በኋላ ባርኔጣውን አወለቀ። «እዚያ ሲወርድ ድምፅ የለውም» አለ። «ጠዋት ትነሣለህ፣ መስኮቱን ትከፍታለህ፣ ሁሉ ነገር ዝም ብሏል።» ከዚያ አፍንጫውን በመሐረቡ ጠረገ። ካድሬም ይናፍቃል ለካ። «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለኝ።

«መንገደኛ ነው ጓድ።»

«ይቁም» አለ።

ዓለምእሸት አልወረደችም። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።

ጥቅምት 14

ከቤታችን ካለው ገብስ አንድ ከረጢት ሞልቼ ከእትየ ብርቄ ጋር ላክሁ። ማታ መለሰችው። ከረጢቱ እኔ እንዳሰርኩት ነው።

«ምን አሉ?»

«አቶ ደሞዝ ምንም አላሉ። ዓለምእሸት ናት፣ ይቆይለት ያለች።»

ይቆይለት! ለኔ ምን ያደርግልኛል? ብቻዬን ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው የከረምኩት። እሷም አጉል እምነት ገባባት ማለት ነው። እስከ አምስተኛ ክፍል የተማረች ሴት ሥዕል በረዶ ያወርዳል ብላ ስታምን ምን ይባላል?

ጥቅምት 20

ከላይ ሦስት ሰዎች መጡ፣ ማሳቸው የተመታባቸው ናቸው። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ አልጮሁም። ሥዕሉ ይቃጠል፣ ካልሆነ ጠበል ይረጭበት አሉ። የመንግሥት ሥራ ነው አልኳቸው። የመንግሥት የሚለውን ሲሰሙ እርስ በርሳቸው ተያዩና ተነሡ። ሽማግሌው በር ላይ ዞር ብለው «አባትህ ቢኖሩ አይፈቅዱልህም ነበር» አሉኝ።

ማታውን ሸራውን ወደ ግድግዳው መልሼ አዞርኩት።

ጥቅምት 21፣ ማርያም

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አገኘሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሥዕሉን፣ ሐሜቱን፣ ዓለምእሸት በባዶ እምነት ቤቷን ጥላ መሄዷን። ይቆጡልኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት፣ እሷን።

«ሥዕል በረዶ አያወርድም» አሉ። «ይልቅ አማትህ ዘንድ የወጣህ ዕለት እግዜር ይተካ ብለሃቸዋል?»

እንዴታ ልል አፌን ከፈትኩ። ለጠፋ በግ እንኳ የሚባል ነገር ነው። ቤት ለተቃጠለበት፣ በሬ ለሞተበት፣ ጠላትም ቢሆን በሩ ላይ ቆሞ የሚለው ነው። ቤት ገብቼ ደብተሬን ከፍቼ ጥቅምት 5ን አነበብኩት። ያልኩት ሁሉ ተጽፏል። ያልኩት አይንቀሳቀሱ ነው።

ጥቅምት 22

ነገ እወጣለሁ።

ጥቅምት 24

ዛሬ ደግሞ ጥርሴን አሞኝ ነበር። ሐሙስ እወጣለሁ።

ጥቅምት 26

ወጣሁ። ማሳው ጥቁር ሆኗል፣ የበሰበሰ ጭድ ይሸታል። አቶ ደሞዝ ደጃቸው ላይ ሞፈር ይጠርቡ ነበር።

«እግዜር ይተካዎት አባባ» አልኩ። 

«አሜን» አሉ። ይኸው ነው። ሃያ ቀን ሙሉ የከበደኝ ነገር በአንድ አሜን አለቀ። መደቡን በእጃቸው ጠርገው አስቀመጡኝ። እማማ አዛለች ከተረፈው ገብስ ቆሎ አመጡልን፣ ግማሹ ገለባ ነው። በላን። ስለ በሬ አወራን። ከቆሎው ፍሬ ያለው እምብዛም ባይደርሰኝም እቆረጥም ነበር።

ዓለምእሸት እስከ ውኃው ድረስ ሸኘችኝ። ከሳች። «በረዶውን አንተ አመጣኸው ያልኩ መስሎሃል?» አለችኝ።

«እና ምን ብለሽ ነው?»

«ስቀህ ነበር ዘውገ። አባቴ ሲያለቅስ አንተ ስቀህ ነበር። ጥርስህ ታይቷል።»

«አልሳቅሁም!»

«እሺ» አለች። ተመለሰች።

አልሳቅሁም። ዳገት የወጣ ሰው አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ሌላ ነገር የለም። ይህንንም የሚያይ ሰው ስቋል ሊል ይችላል።

ጥቅምት 29

ስቄ ነበር።

ኅዳር 2

ሳልጠብቃት መጣች። አልተቀመጠችም። «እስኪ አሳየኝ» አለች። ሸራውን ከግድግዳው አዞርኩላት።

ጀርባ ብቻ ነው ያለው። ፊት የለውም፣ ጢም የለውም፣ ስም አልጻፍኩበትም። እሷ ግን ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አባቴ ነው» አለች። «ትከሻው… ሲያለቅስ እንዲህ ነው ትከሻው።» እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ከጎኗ ቆሜ ሥዕሉን አየሁ፣ ከዚያ እሷን አየሁ። አሁንም ደህና ሠርቼዋለሁ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

«ይሄ አዳራሽ ሊሰቀል ነው?» አለች። «ካድሬ ሊያየው? ፈረንጅ ሊያየው? አባቴ እኮ በሕይወቱ ሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም። እናቱ ስትሞት እንኳ ጓዳ ገብቶ ነው ያለቀሰው።»

«ማንም አያውቃቸውም።»

«እኔ አውቀዋለሁ። አውጣው። አውጣውና ቤቴ እገባለሁ።»

ልፋቴን አልነገርኳትም። ያ እጥፋት ሁለት ቀን እንደፈጀብኝ፣ ደግሜ ላገኘው እንደማልችል አልነገርኳትም። «እሺ» አልኳት።

ኅዳር 3

ነጭ፣ ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ሲደርቅ ትከሻቸው አሳልፎ ታየ። ሦስተኛ ደረብኩ። ከላይ ሰማያዊ። ጥላቸውንም አጠፋሁት፤ ሰው ሳይኖር ጥላ አይኖርም።

ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 5

ዓለምእሸት ገባች። ከረጢቱን ፈትታ ከገብሱ ግማሹን ለአባቷ ለየች። ሸራውን አይታ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ «የላምባው ሽታ ቤቱን ገደለው» ብላ በሩን ከፈተችው። ደስ አለኝ። ሌሊቱን ስታንኮራፋ ሰማኋት፣ እሱም ደስ አለኝ።

ኅዳር 19

ሥዕሉ ተሰቀለ። ጓድ ከፋለ ሰውዬው መጥፋቱን አላስተዋለም፤ ወይም አስተውሎ ዝም አለ። «ፀጥ ብሏል» አለ። እጄን ጨበጠኝ። እንግዶቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳሉ።

ኅዳር 24

በረዶ የመታቸው ገበሬዎች ዘር እንዲሰጣቸው ለማመልከት ወረዳ ተጠሩ። አቶ ደሞዝ ጽሕፈት ቤት መግባት ስለማይወዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ተራ እስኪደርስ አዳራሹ ውስጥ ጠብቁ ተባልን።

ሥዕሉ እዚያ መሰቀሉን ረስቼው አልነበረም። ጀርባቸውን ለሥዕሉ ሰጥተው እንዲቀመጡ ወንበር አዘጋጀሁላቸው። አልተቀመጡም። ዱላቸውን ተደግፈው ዞረው ያዩት ጀመር። ሌሎቹ ገበሬዎችም ያዩታል፣ ነገር ግን እንደ ፈረንጅ አገር አይተው ያልፉታል። እሳቸው ቀረብ አሉ። ወደ እርከኑ፣ ወደ ድንጋዩ፣ ወደ ዳገቱ ጣታቸውን ሳያስነኩ ጠቆሙ።

«ይሄ የኔ ማሳ ነው» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«ያ ዕለት ነው።»

«አዎ።»

ከዚያ በግራ በኩል ካለው ነጭ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። እኔ ሦስት ጊዜ የደረብኩበት ቦታ ነው። ምንም አይታይበትም፣ ደጋግሜ በብርሃን አይቼዋለሁ።

«እኔስ?» አሉ። ዞረው አዩኝ፣ እንደ ቅር መሰኘትም አላቸው። «እዚህ ጋ ነበርኩ እኮ። አይንቀሳቀሱ አልከኝ፣ ብርዱ አጥንቴን እየበላው ቆምኩልህ። ይሄ ልጅ አዝኖልኝ ነው፣ ሌላ ማዘኛ ባያውቅ ነው፣ ለማስታወሻ ሊያስቀምጠኝ ነው ብዬ ቆምኩልህ። ታዲያ ማሳውን ሥለህ እኔን ትተወኛለህ?»

 ተራችን ደርሶ ስማቸው ተጠራ።

ማታ ዓለምእሸት አባቷ ሥዕሉን አይተው ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ዘሩ ተፈቅዶላቸዋል አልኳት።